ለመማሪያ የቱ አውሮፕላን ይሻላል?

ሰሞኑን ከድሬዳዋና ከሐረር የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ጉዳይ ናቸው። በረራ ለመማር የትኛው ትንሽ አውሮፕላን ይሻላል የሚል። ስለዚህ የዛሬውን አምድ ሙሉውን ለዚሁ ሰጥቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። ድሬዳዋ ከዚራ ነው የምኖረው፣ 22 ዓመቴ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ህልሜ መብረር ነው። አሁን ውጭ አገር ያለው አጎቴ የትምህርቱን ወጪ ሊሸፍንልኝ ቃል ስለገባ ናይሮቢ ካሉ ትምህርት ቤቶች ዋጋ እየጠየቅኩ ነው። አንዱ በሴስና 152 ያስተምራል፣ ሌላው በሴስና 172፣ ሦስተኛው በፓይፐር፣ አራተኛው አዲስ ዳይመንድ አለኝ ይላል። ዋጋቸው በጣም ይለያያል። ጓደኞቼ "አዲሱን ያዝ አቦ፣ አሮጌ ላይ ምን ያስወጣሃል" ይሉኛል። ስጨርስ ተመልሼ እዚሁ ድሬ ላይ መብረር ነው የምፈልገው። የቱን ልምረጥ? ከከዚራ

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ደስ ያለህ፣ አጎትህንም ያቆይልህ።

ዋጋ ከማወዳደርህ በፊት ግን አንድ ነገር አጣራ። ባለፈው ሳምንት ከአራቱ ትምህርት ቤቶች የማን አውሮፕላን በረረ? ለጀማሪ ጥሩ አውሮፕላን ማለት በቀጠሮህ ቀን ነዳጅ ተሞልታ፣ ጥገናዋ አልቆ፣ አስተማሪው አጠገቧ ቆሞ የምትጠብቅህ ናት። አንድ አውሮፕላን ብቻ ያለው ትምህርት ቤት ያቺው አንዷ የተበላሸች ቀን በሩን ዘጋ ማለት ነው። ዕቃው ከውጭ እስኪመጣ ሦስት አራት ሳምንት ትቀመጣለህ፣ ስትመለስ እጅህ ረስቷል፣ የተማርከውን እንደገና ከፍለህ ትማራለህ። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ለግል አብራሪ ፈቃድ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ልክ 40 የበረራ ሰዓት ነው፤ ፈቃድ ባለው ሥርዓተ ትምህርት ከሆነ 35። በዚህ ልክ የሚጨርስ ብዙ የለም። ሰዓቱን ከሚያበዙት ነገሮች አንዱ ደግሞ ይሄ መቆራረጥ ነው።

እሺ፣ ወደ አውሮፕላኖቹ።

ሴስና 152 ሁለት ሰው የምትይዝ፣ 110 የፈረስ ጉልበት ያላት ትንሽዬ አውሮፕላን ናት። እኔ ለመማሪያ እወዳታለሁ። ነዳጅ አትበላም፣ ውስጧ የተወሳሰበ ነገር የለም፣ እግርህ ፔዳሉ ላይ ከሰነፈ ደግሞ አፍንጫዋ ወደ ጎን ሲሸሽ ወዲያው ታየዋለህ። ችግሯ ክብደት ነው። ከነሙሉ ጭነቷ መነሳት የምትችለው ቢበዛ 757 ኪሎ ሆና ነው። ባዶዋን ብቻ ከ510 ኪሎ በላይ ትመዝናለች። የቀረው 240 ኪሎ ገደማ ነው። ነዳጅ ከሞላህ ከዚያ ላይ 70 ኪሎ ይሄዳል፣ የሚተርፈው 170 ኪሎ ለአንተና ለአስተማሪህ ነው። ሁለታችሁም 90 ኪሎ ከሆናችሁ ነዳጁን መቀነስ ግድ ነው። ስለዚህ ዛሬውኑ ሚዛን ላይ ውጣ። አስተማሪህንም ስንት ኪሎ ነህ ብለህ ጠይቀው፣ ነውር የለውም። ይህን የሚጠይቅ ተማሪ አስተማሪን ያስደስታል።

ሴስና 172 የእሷ ታላቅ እህት ናት። እ.ኤ.አ. በ1955 ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረችው፣ እስካሁን ከ44 ሺህ በላይ ተሠርታለች፤ በዓለም ላይ ይህን ያህል ብዛት የተሠራ ሌላ አውሮፕላን የለም። ይህ ለአንተ ምን ይጠቅማል? የትም አገር ብትሄድ መካኒኩ ያውቃታል፣ ዕቃዋ ይገኛል፣ አስተማሪውም በእሷ ነው ያደገው። ሞተሯ እንደ ተሠራችበት ዘመን ከ145 እስከ 180 የፈረስ ጉልበት አለው። አራት ወንበር ስላላት ግን አራት ጎልማሳ ከነሻንጣውና ከነሙሉ ነዳጁ ትሸከማለች ብለህ አታስብ። ክንፏ ከላይ ስለሆነ ነዳጁ በራሱ ክብደት ወደ ሞተሩ ይወርዳል፣ መምረጫውንም ሁለቱንም ታንክ በአንዴ በሚጠቀመው ቦታ ላይ አድርገህ መብረር ትችላለህ። በዚያ ላይ ጥላ አላት። ከበረራ በፊት ያለውን ፍተሻ የድሬ ፀሐይ ላይ ቆሞ የሠራ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ፓይፐር ፒኤ 28 ክንፏ ከታች ነው። ስትዞር ወደምትሄድበት አቅጣጫ ክንፉ አይጋርድህም፣ መሬቱን ቁልቁል ለማየት ግን ይከለክልሃል። በሯ አንድ ብቻ ነው፣ በቀኝ በኩል፤ ስለዚህ አንተ ቀድመህ ትገባለህ፣ አስተማሪው ይከተላል። ዋናው ልትለምደው የሚገባህ ነገር ነዳጁ ነው። መምረጫው ግራ ወይም ቀኝ ይላል እንጂ ሁለቱንም በአንዴ አይልም። በየጊዜው እየቀየርክ ነው የምትበረው። አንዱ ታንክ ሙሉ ሆኖ ሳለ ሌላው አልቆ ሞተር የጠፋባቸው አብራሪዎች አሉ። መጥፎ አውሮፕላን ናት እያልኩህ አይደለም፣ ብዙ ጥሩ አብራሪ አውጥታለች። ሰዓትህን የማየት ልማድ ግን ከመጀመሪያው ቀን ይኑርህ።

ዳይመንድ ያልከው ዲኤ 40 ኤንጂ ከሆነ ጓደኞችህ በአንድ በኩል ልክ ናቸው። ሞተሩ የናፍጣ ዓይነት ነው፣ 168 የፈረስ ጉልበት አለው፣ ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) አለው፣ የሚጠጣውም ትልልቆቹ ጄቶች የሚጠጡትን ጄት ኤ ዋን ነው። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስልህ። ሴስናና ፓይፐር የሚፈልጉት አቭጋስ የሚባለው የአውሮፕላን ቤንዚን በየአየር ማረፊያው አይገኝም፣ ጄት በሚያርፍበት አብዛኛው ቦታ ግን ጄት ኤ ዋን አለ። በሰዓት የምታቃጥለውም ከሴስና 172 በጣም ያነሰ ነው። በሌላ በኩል ሞተሩን በአንድ እጀታ ብቻ ነው የምታዘው፣ ነዳጅና አየር መመጠኑን ኮምፒውተሩ ይሠራልሃል፤ እንዲህ የተማረ ልጅ ሌላ ቀን አሮጌ ሴስና ላይ ሲወጣ ሚክስቸር የሚባለውን ቀይ እጀታ ከዜሮ መጀመር አለበት። መስተዋቷም ሰፊ ነው፣ ፀሐይ ላይ ቆማ ከዋለች ውስጧ ይግላል። ሰውነቷ ከብረት ሳይሆን ከኮምፖዚት፣ ማለትም በሙጫ ከተጣበቀ ጠንካራ ክር፣ ስለተሠራ ነጭ የምትቀባውም ሙቀት እንዳይጎዳት ነው።

አሁን ወደ ድሬ እንምጣ፣ ምክንያቱም ትልቁ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። አየር ማረፊያችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,160 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ በአብራሪዎች ልክ 3,800 ጫማ። ሞተርም ክንፍም የሚኖሩት በአየር ነው፤ አየር ሲሞቅ ይሳሳል። በዚህ ከፍታ ላይ የአውሮፕላን ሠንጠረዦች መነሻ የሚያደርጉት ሙቀት 7 ዲግሪ አካባቢ ነው። ግንቦት ላይ ከሰዓት በኋላ 35 ዲግሪ ሲሆን ከዚያ በ28 ዲግሪ በለጠ። ለእያንዳንዱ ዲግሪ 120 ጫማ ገደማ ጨምር። 3,360 ይመጣል። ከ3,800ው ጋር ስትደምረው 7,160 ጫማ ሆነ፣ 2,180 ሜትር ገደማ ማለት ነው። ሐረር ከተማ ያለችው በ1,885 ሜትር ላይ ነው። እንግዲህ አውሮፕላኗ ድሬ ማኮብኮቢያ ላይ ቆማ፣ የምትተነፍሰው አየር ከሐረር በላይ ያለ ነው። አብራሪዎች ይህን ዴንሲቲ አልቲቲዩድ ይሉታል።

ውጤቱን ልንገርህ። ተርቦ የሌለው ሞተር እዚያ አየር ውስጥ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። 152ቷ 110 ፈረሷን ይዛ አትነሳም፣ ሰማንያ ምናምኑን ይዛ ነው የምትነሳው። ባሕር ዳርቻ ላይ ሙሉ ጭነት ይዛ በደቂቃ 715 ጫማ ትወጣ የነበረችው እዚህ ወደ 400 ጫማ ትወርዳለች። የድሬ ማኮብኮቢያ ረጅም ስለሆነ መሬቱ ይበቃሃል፣ ከተነሳህ በኋላ ግን ወደ ደቡብ የደንገጎ ተራራ ቆሞ ይጠብቅሃል። ወደ ሐረር አቅጣጫ ማለፍ ከፈለግክ መጀመሪያ ሜዳው ላይ ዞረህ ዞረህ ከፍታ መያዝ አለብህ፤ ተራራው ሥር ደርሼ እወጣለሁ ማለት አይቻልም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። የሴስና መመሪያ ከ3,000 ጫማ በላይ ካለ ሜዳ ስትነሳ ሚክስቸሩን አሳሳ ይላል። ፍሬን ይዘህ ሞተሩን ሙሉ ትሰጠዋለህ፣ ከዚያ ቀዩን እጀታ ቀስ እያልክ ወደ ኋላ ትስባለህ። የዙሩ መቁጠሪያ ትንሽ ይጨምራል፣ ይጨምራል፣ ከዚያ መውረድ ሲጀምር እጅህን ታቆማለህ፣ በመመሪያው መሠረት ትንሽ ትመልሰዋለህ። ባሕር ዳርቻ ባለ ዝቅተኛ ቦታ የተማረ ተማሪ ይህን በወረቀት ነው የሚያውቀው። ናይሮቢ ዊልሰን አየር ማረፊያ ግን 1,690 ሜትር ገደማ ላይ ስላለ አንተ በየቀኑ ታደርገዋለህ። ድሬ ላይ መብረር ለሚፈልግ ሰው ናይሮቢ መማር በዚህ ምክንያት ጥሩ ምርጫ ነው ባይ ነኝ።

እንግዲህ ፍረድ ካልከኝ፦ አንተ ቀጠን ያልክ ከሆንክና ገንዘቡ ከጠበበ በ152 ጀምር፣ አታፍርም። ገንዘቡ ከበቃ 172ን ያዝ፣ ድሬ ስትመጣም የምትጠቅምህ እሷ ናት። ዳይመንዱን የምመርጠው ትምህርት ቤቱ ሁለት ሦስት ካለውና እሱን የሚጠግን ሰው እዚያው ግቢ ውስጥ ካለ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ ሁለቱንም፣ 172ንም ዲኤ 40ንም፣ ለማስተማሪያ ተጠቅሟል። እዚያ ከገባህ አውሮፕላኑን የሚመርጡልህ እነሱ ናቸው፣ ይህ ሁሉ ሐሳብ ይቀርልሃል።

ገንዘቡን በተመለከተ ደግሞ ሙሉውን ቀድመህ አትክፈል፣ ቅናሽ አለው ቢሉህም። በየአሥር ሰዓቱ ክፈል። የሰዓቱ ዋጋ ነዳጅንና አስተማሪን ይጨምር እንደሆነ በጽሑፍ ይስጡህ። ሰዓቱ ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠርም ጠይቅ፤ ሞተር ከተነሳ ጀምሮ የሚቆጥር ከሆነ ተራ ይዘህ መሬት ላይ የቆምክበትንም ትከፍላለህ። ውጭ የተሰጠ ፈቃድ እዚህ እንዲሠራልህ የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ምን እንደሚጠይቅ ከመሄድህ በፊት ቢሯቸው ሄደህ ጠይቅ። ከተመለስክ በኋላ ሳይሆን ከመሄድህ በፊት።

ጥያቄ፦ ሐረር ሸዋ በር አካባቢ የምነግድ አባት ነኝ። ልጄ ደቡብ አፍሪካ በረራ ሊማር ነው። የሚማርበት አውሮፕላን የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1978 መሆኑን ሲነግረኝ እንቅልፍ አጣሁ። ልጄን በዚህ ዕድሜ ባለው ዕቃ ሰማይ ላይ ልስቀለው? ከሐረር

መልስ፦ ጋሼ፣ ጭንቀትዎ ይገባኛል፣ አባት ሆኖ የማይጨነቅ የለም። ግን እርስዎ የሐረር ሰው ስለሆኑ ነገሩ ይገባዎታል። የከተማዎ ፔጆ 404 ታክሲዎች ስንት ዓመታቸው ነው? እነዚያ መኪኖች የሚሄዱት ባለቤቱም መካኒኩም እያንዳንዷን ብሎን ስለሚያውቁ ነው። የአውሮፕላኑ ደግሞ ከዚያ ይጠብቃል፣ ምክንያቱም ጥገናው በባለቤቱ ፈቃድ አይደለም፣ በሕግ ነው። በየዓመቱ ተፈትታ ትመረመራለች፣ ለማስተማሪያ የምትከራይ ከሆነች ደግሞ በብዙ አገር በየ100 ሰዓቱ። ሞተሩ የራሱ ዕድሜ አለው፤ የ152 ሞተር በ2,400 ሰዓት፣ የብዙዎቹ 172 ሞተር በ2,000 ሰዓት ሙሉ ዕድሳት እንዲደረግለት አምራቹ ይመክራል። ስለዚህ የ1978 አውሮፕላን የዛሬ ሁለት ዓመት የታደሰ ሞተር ሊኖራት ይችላል። ሴስና 152 ደግሞ ከ1985 ወዲህ አልተሠራችም፣ ዓለም ላይ ያሉት ሁሉ አሮጌ ናቸው፣ ዛሬም ተማሪ ይማርባቸዋል።

ዕድሜውን ይተዉትና ልጅዎ ሲደውል እነዚህን ይጠይቁት። የጥገና መዝገቡን አሳዩህ ወይ? ተማሪ ሲጠይቅ መዝገብ የሚደብቅ ትምህርት ቤት ካለ ልጅዎ ሌላ ይፈልግ። ሞተሩ ከታደሰ ስንት ሰዓት ሠራ? ከዚያ በገዛ ዓይኑ ያየውን ይንገርዎ። ፕሮፔለሩ ጠርዝ ላይ የተበላ ቦታ አለ ወይ፣ ጎማው አልቆ የውስጡ ክር ወጥቷል ወይ፣ ከታንኩ ሥር በትንሿ ብርጭቆ የቀዳው ነዳጅ ንጹሕ ነው ወይ። አቭጋስ ሰማያዊ ቀለም አለው፣ ውሃ ከገባበት ውሃው ከታች ቁጭ ብሎ ይታያል።

ሴስና ከሆነች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፣ እሱን አጥብቀው ይንገሩት። ወንበሩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄድበት ሐዲድ አለ፣ ሐዲዱ ላይ ቀዳዳዎች አሉ፣ የወንበሩ ችንካር እዚያ ውስጥ ይገባል። አሮጌ አውሮፕላን ላይ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ችንካሩም ያልቃል። ለመነሳት አፍንጫዋ ቀና ስትል ወንበሩ ተንሸራቶ ወደ ኋላ ከሄደ አብራሪው መሪውን ይዞት ይሄዳል፣ አውሮፕላኗም ከልክ በላይ አፍንጫዋን ታነሳለች። በዚህ ምክንያት ሰው ሞቷል፤ ለዚህም ነው ሐዲዱ በየጊዜው እንዲለካ ትእዛዝ የወጣበት። ልጅዎ ከተቀመጠ በኋላ ወንበሩን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ይነቅንቀው። ሁልጊዜ። ቀበቶ ከማሰሩ በፊት።

ጥያቄ፦ ሳቢያን ነው የምኖረው፣ ሴት ነኝ፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ55 ነው፣ መነጽርም አደርጋለሁ። ዘመዶቼ "ለአንቺ አይሆንም" ብለው ጨርሰዋል። እውነት አይሆንም? ከሳቢያን

መልስ፦ ይሆናል እህቴ። ዓለም አቀፉ ደንብ መነጽርን አይከለክልም። ለግል አብራሪ የሚፈለገው በመነጽር ተስተካክሎ እያንዳንዱ ዓይን 6/12 (ጤነኛ ዓይን ከ12 ሜትር የሚያየውን ከ6 ሜትር ማየት ማለት ነው)፣ ሁለቱ አንድ ላይ 6/9 ማየቱ ነው። ለንግድ አብራሪ ከፍ ይላል፣ እያንዳንዱ 6/9፣ ሁለቱ አንድ ላይ 6/6፣ እሱም በመነጽር ይቻላል። ሌላ ወጪ ከማውጣትሽ በፊት የሕክምና ምርመራውን አድርጊ፣ የሚከለክል ነገር ካለ ቀድመሽ ማወቁ ይሻላል። ሴትነቱንማ ካፒቴን አምሳለ ጓሉ እ.ኤ.አ. በ2010 የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ስትሆን ያለቀ ጉዳይ ነው።

ቁመትሽ ላይ አውሮፕላኑ ለውጥ አለው። አንቺ የሚያስፈልግሽ ሁለት ነገር ነው። ከአፍንጫዋ በላይ አሻግረሽ ማኮብኮቢያውን ማየት፣ ፔዳሉንም እስከ መጨረሻው መግፋት። አሮጌ ሴስና ላይ ጠንከር ያለ ትራስ ከሥርሽም ከጀርባሽም ትፈልጊያለሽ። ስፖንጅ አይሁን፣ ይጨመቅብሻል፣ በየበረራው ዓይንሽ ያለበት ከፍታ ይለያያል፣ ማረፍ ደግሞ የሚለመደው ከአንድ ከፍታ እያየሽ ነው። የራስሽን ትራስ ይዘሽ ሂጂ፣ ሁልጊዜ እሱኑ ተጠቀሚ። ዲኤ 40 ላይ ወንበሩ አይንቀሳቀስም፣ ፔዳሉ ነው ወደ አንቺ የሚመጣው፤ ብዙ አጠር ያሉ ሰዎች ይስማማቸዋል። ከመመዝገብሽ በፊት መሬት ላይ እንደቆመች ግቢና ተቀመጪ፣ ቀኙንም ግራውንም ፔዳል እስከ ጥግ ግፊ። ይህን ለማድረግ ክፈይ የሚልሽ የለም።

ጥያቄ፦ ቤቴ ኮምፒውተር ላይ ሲሙሌተር እለማመዳለሁ። ጊዜ ይቆጥብልኛል? ከገንደ ቆሬ

መልስ፦ የፍተሻ ቅደም ተከተሉን፣ የሬዲዮ ንግግሩንና የመሣሪያዎቹን አቀማመጥ ለማጥናት በጣም ይጠቅማል። ማረፍን አያስተምርም፣ የመሪው ክብደት እጅህ ላይ አይሰማህምና። ሲሙሌተር የለመደ ተማሪ ዓይኑን ከመሣሪያዎቹ ላይ አያነሳም፤ አስተማሪህ ወደ ውጭ እይ ሲልህ እሺ በለው።

ጥያቄ፦ ድሬ ላይ ሱቅ አለኝ፣ ጠዋት ጠዋት አይመቸኝም። ውጭ ሄጄ ስማር ትምህርቱን ከሰዓት በኋላ ባደርገውስ? በርጫ ላይ ጓደኞቼ "ጫት ያነቃቃል፣ እንዲያውም ለበረራ ጥሩ ነው" ብለውኛል። ከመጋላ

መልስ፦ ጫቱን አስቀድሜ ልመልስልህ፣ ምክንያቱም በዚህ ላይ ዝም ማለት አልፈልግም። ጫት ያነቃቃል፣ ድካሙን ግን አያነሳውም። ውስጡ ያለው ካቲኖን ማታ እንቅልፍ ይነሳሃል፣ በማግስቱ ምርቃናው ወርዶ ደክሞህ ነው መሪ የምትይዘው። ዓለም አቀፉ ደንብም አብራሪ ብቃቱን በሚነካ አነቃቂ ነገር ሥር ሆኖ እንዳይበር ይከለክላል፤ ከዚያ ዝርዝር ውስጥ ለይቶ የተወው ቡናና ትምባሆን ነው። በትምህርቱ ወራት ሙሉ በሙሉ ብትተወው ነው ምክሬ፣ በዓል ነው ሠርግ ነው ሳትል።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ለጀማሪ ከሰዓት በኋላ ይከብዳል። ፀሐይ መሬቱን ካጋለች በኋላ አየሩ ከሥር እየፈላ ይወጣል፣ ትንሿ አውሮፕላን ትነሳለች ትወድቃለች፣ አንተ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ትምህርቶች ከፍታ ጠብቀህ ቀጥ ብለህ መብረር ነው የምትማረው። አየሩ ያወረደህን አንተ ያወረድከው ይመስልሃል። ጉልበቷም ያኔ ነው የሚቀንሰው፣ ከላይ ለከዚራው ልጅ ያሰላሁትን ተመልከት። ሱቁን ለሰው አስረክበህ የምትሄድ ከሆነ ሰዓቱ በእጅህ ነው፤ የጠዋቱን ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ያለውን ያዝ። እሱ ካልተገኘ ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ ያለውን ጠይቅ፣ ነፋሱ በረድ ካለ ጥሩ ነው። ስትመዘገብም የጠዋቱ ተራ ላንተ መሆኑን ውሉ ላይ ያስፍሩልህ፣ ሁሉም ተማሪ የሚሻማው እሱን ነው።